ቤንጃሚን ካር፦ ኖታ አሳትሞ መኖር ይቻል ነበር ወይ?

ጠያቂያችን የጻፉልን ባጭሩ ይህ ነው። ባልቲሞር ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ቆየት ያለ የፒያኖ ኖታ ገዝተዋል። ዓመቱ አልተጻፈበትም። ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «በካር የሙዚቃ ማከማቻዎች፣ ፊላዴልፊያና ኒው ዮርክ፣ እንዲሁም በጄ. ካር፣ ባልቲሞር ታትሞ የሚሸጥ» ይላል። «ይህ ካር የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር መጀመሪያ ያሳተመው ቤንጃሚን ካር ነው? ምን ዓይነት ሰው ነበር? በዚያን ጊዜ ኖታ እያሳተሙ መኖርስ ይቻል ነበር? ወረቀቴ የስንት ዓመት ዕድሜ አለው?» ብለው ጠይቀዋል።

ብዙ ሰው ከሚሳሳትበት ልጀምር። ብሔራዊ መዝሙሩን በኖታ ያሳተመው ቤንጃሚን ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ ቶማስ ነው። ግርጌው ላይ ያለው «ጄ. ካር» ደግሞ አባታቸው ጆሴፍ ነው። ሦስቱም ኖታ አሳታሚዎች ነበሩ፤ ሱቆቻቸው በሦስት ከተማ ይበተኑ እንጂ ንግዱ የአንድ ቤት ንግድ ነበር። የቤንጃሚንን ሕይወት ከአባትና ከወንድሙ ነጥለን ካወራን ግማሹ ያመልጠናል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቤንጃሚን ካር ሴፕቴምበር 12 ቀን 1768 ለንደን ተወለደ። አባቱ ሆልበርን በሚባለው ሰፈር የሙዚቃ ሱቅ ስለነበረው ልጁ ያደገው በኖታ ክምርና በመሣሪያ መካከል ነው። ኦርጋን ከቻርልስ ዌስሊ፣ ድርሰት ከሳሙኤል አርኖልድ ተማረ፤ ሁለቱም በጊዜው ለንደን ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ሙዚቀኞች ነበሩ። በ1793፣ በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ ፊላዴልፊያ ገባና ሱቅ ከፈተ። በዓመቱ አባቱና ቶማስ ተከትለውት መጡ፤ እነሱ ግን ፊላዴልፊያ አልቆዩም፣ ባልቲሞር ወርደው ጌይ ጎዳና ላይ የራሳቸውን ሱቅ አቆሙ። በዚያው በ1794 መጨረሻ ቤንጃሚን ኒው ዮርክ ዊልያም ጎዳና ላይ ቅርንጫፍ ጨመረ።

ፊላዴልፊያ ያኔ የአገሪቱ ዋና ከተማ ነበረች። ካር የገባበት ዓመት ግን ክፉ ዓመት ነው። ከኦገስት እስከ ኖቬምበር 1793 ቢጫ ወባ ገብቶ ከ50 ሺህ ገደማ ነዋሪ 5 ሺህ የሚሆነውን ጨርሷል፤ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተንና ሹማምንቱ ሳይቀሩ ከተማዋን ለቀው ነበር። ቼስትነት ጎዳና ላይ ለተሠራው አዲስ ትያትር ቤት ከእንግሊዝ የመጡት ተዋንያንና ሙዚቀኞችም በራቸውን ለሕዝብ የከፈቱት ፌብሩዋሪ 1794 ላይ ነው። ትያትር ቤቱን የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። የኖታ ሱቅ የሚኖረው በትያትር ነበር። ማታ መድረክ ላይ የተዘፈነ ዘፈን በነጋታው ቤቷ ፒያኖ ያላት ልጅ የምትፈልገው ዘፈን ነው፤ ትያትር ከሌለ የሚፈለግ አዲስ ዜማም የለም። ካር ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ይዘፍንና ይተውን፣ ለትያትሩም ይደርስ ነበር። በ1796 ኒው ዮርክ ላይ በስዊዘርላንዳዊው ጀግና በዊልያም ቴል ታሪክ ላይ ለተመሠረተ ኦፔራ ሙዚቃውን የጻፈው እሱ ነው፤ ቃሉን የጻፈው ደግሞ ዊልያም ደንላፕ ነው።

የመጀመሪያው አሳታሚ ግን ካር አልነበረም። ከእሱ በፊት ፊላዴልፊያ ውስጥ ጆን ኤይትከን የሚባል ስኮትላንዳዊ የብር ሠራተኛ በ1787 ኖታን በብረት ላይ መምታት ጀምሮ ነበር። ብር አንጥረኛ ወደ ኖታ መግባቱ ሊገርመን አይገባም፤ ሥራው የመዶሻና የመቅረጫ ሥራ ነውና። የነፃነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ሆፕኪንሰን በ1788 ዘፈኖቹን ያሳተመው በኤይትከን እጅ ሲሆን መታሰቢያነታቸውን ለዋሽንግተን ሰጥቷል። ዋሽንግተንም በምስጋና ደብዳቤው መዝፈንም ሆነ አንዲት ኖታ መጫወት እንደማይችል በቀልድ አስረድቶ መልሷል። የዚህ የሆፕኪንሰን ልጅ ጆሴፍ በኋላ ለካር ትልቁን ገበያ ያመጣለታል፤ እመለስበታለሁ።

ጠያቂያችን የያዙት ወረቀት ምን እንደሆነ በቅጡ እንዲገባቸው ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ልግለጽ። ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተቀየጠ ለስላሳ ብረት በገጽ ልክ ይቆረጣል። ቀራጺው አምስት ጥርስ ባለው መሣሪያ አምስቱን መስመሮች በአንድ ጊዜ ይስባል። ከዚያ ጫፋቸው ላይ የኖታ ራስ፣ የሻርፕና የፍላት ምልክት፣ ቁጥርና ፊደል የተቀረጸባቸውን ጠንካራ የብረት መምቻዎች አንድ በአንድ እያቆመ በመዶሻ ይመታል። የኖታው ጭራና ከኖታ ወደ ኖታ የሚዘረጋው ቅስት በመምቻ ስለማይሆን በሹል ብረት በእጅ ይጫራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በግልባጭ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ፊደሉም ዞሮ ነው የሚመታው። ቢሳሳት ብረቱን ገልብጦ ከጀርባው በመዶሻ ይነርተውና ጎድጎድ ያለውን ቦታ መልሶ ያወጣዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ እንደገና ይመታል። ሲያልቅ ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ እንዲቀር ተቀብቶ ፊቱ ይወለወላል። ርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በሁለት ድቡልቡል መዳመጫዎች መካከል በኃይል ያልፋል። ወረቀቱ ሲወጣ ቀለሙ በጣት ሲነካ ከፍ ይላል፤ ዙሪያውን ደግሞ የብረቱ ጠርዝ የተጫነበት አራት ማዕዘን አሻራ ይቀራል።

የንግዱ ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ አታሚ ፊደሉን ለቅሞ አንድ ሺህ ቅጂ ካተመ በኋላ ፊደሉን ለሌላ ሥራ ያፈርሰዋል፤ መጽሐፉ ካልተሸጠ ከሰረ። ኖታ አሳታሚ ግን ብረቱን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ዛሬ ጥቂት አሥር ቅጂ ያትማል፣ ካለቀ በሚቀጥለው ወር ይጨምራል፣ ዘፈኑ ከተረሳ ብረቱን አቅልጦ ሌላ ይሠራበታል። ካፒታል የሌለው ወጣት ስደተኛ ሊገባበት የሚችል ንግድ ያደረገው ይህ ነው። በሌላ በኩል ግን ዛሬ እነዚህን ወረቀቶች ለምንመረምር ሰዎች ራስ ምታት ነው፤ በ1795 የተመታ ብረት በ1805 ሊታተምበት ይችላልና።

ዋጋውስ? በዚያ ዘመን የተለመደው በገጽ 12 ሳንቲም ተኩል ነው። ግማሿ ሳንቲም አትግረማችሁ፤ በገበያው ላይ የሚዞረው የስፔን የብር ዶላር ለስምንት ይከፈል ስለነበር አንዱ ስምንተኛ ያን ያህል ይሆናል። ሁለት ገጽ ዘፈን 25 ሳንቲም ማለት ነው። የቀን ሠራተኛ በቀን ከአንድ ዶላር እምብዛም በማያገኝበት ከተማ ይህ ለድሃ የሚሆን ዕቃ አልነበረም። ገዢዎቹ ቤታቸው ፒያኖ የገባላቸው ነጋዴዎችና ጠበቆች፣ ይበልጡን ደግሞ ሴቶች ልጆቻቸው ናቸው። ልጅቷ የገዛቻቸውን ነጠላ ኖታዎች ሰብስባ በቆዳ ታስጠርዛለች፣ ሽፋኑ ላይም ስሟን በወርቅ ታስመታለች። ዛሬ እጃችን ላይ ያሉት የካር ኖታዎች አብዛኞቹ የተረፉት በእነዚህ ጥራዞች ውስጥ ነው። የጠያቂያችን ወረቀት በግራ ጠርዙ የመርፌ ቀዳዳ ካለው ከእንዲህ ዓይነት ጥራዝ ተገንጥሎ የወጣ ይሆናል።

አሁን «መኖር ይቻል ነበር ወይ?» ወደሚለው። እኔ የምለው፣ በኖታ ብቻ አይቻልም ነበር፤ ካርም አልሞከረውም። ሱቁ ፒያኖና ዋሽንት፣ የቫዮሊን ክር፣ ከለንደን የመጣ ኖታ ይሸጣል። እሱ ራሱ ያስተምራል፣ ይዘፍናል፣ ኦርጋን ይጫወታል፣ ይደርሳል። ተማሪዋ የምትማርበትን ኖታ ከሱቁ ትገዛለች፤ ሱቅ የመጣ ገዢ ልጁን ያስመዘግባል፤ መድረክ ላይ የዘፈነው በነጋታው ይሸጣል። አንዱን ከሌላው ብትነጥሉት ሁሉም አያዋጣም። አንዳንድ ጸሐፊዎች «ሁለገብ ሊቅ» እያሉ ሲያሞግሱት አያለሁ። ሊቅነቱን አልክድም፤ ግን ሁለገብ ያደረገው ከምንም በላይ የቤት ኪራይ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የነበሩት ተፎካካሪዎቹ፣ ኒው ዮርክ ላይ ጄምስ ሂዊትና ጆርጅ ጊልፈርት፣ ፊላዴልፊያ ላይ ጆርጅ ዊሊግ፣ ሁሉም እንደዚያው በብዙ ገመድ የታሰሩ ነበሩ።

ሕጉም አይረዳም። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የቅጂ መብት ሕግ የሚጠቅሰው ካርታን፣ የባሕር ሠንጠረዥንና መጽሐፍን ነው፤ ሙዚቃ በስሙ አልተጠራም። አንዳንዶች ኖታቸውን «መጽሐፍ» ብለው ያስመዘግቡ ነበር፤ አብዛኛው ግን ያለ ምንም ጥበቃ ይወጣል። የውጭ ዜጋ ሥራማ እስከ 1891 ድረስ ለማንም ክፍት ነበር። ስለዚህ ለንደን ላይ የወጣ ተወዳጅ ዘፈን መርከቡ እንደደረሰ ፊላዴልፊያ ላይ ይገለበጣል፣ ለደራሲውም አምስት ሳንቲም አይከፈልም። ካር ይህን ያደርግ ነበር ወይ? በደንብ። ካታሎጉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝ ዘፈን ብዛት ይመሰክርበታል። ማንም ማንንም መክሰስ በማይችልበት ገበያ የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰው ነው፤ የካር ቤተሰብ በሦስት ወደብ ከተሞች ሱቅ መያዙም ለዚህ ጠቅሞታል። አንዱ ከተማ የተመታ ኖታ በሁለቱ ቶሎ ይደርሳል፤ ሌላው አሳታሚ ገልብጦ እስኪያወጣው እነሱ ሸጠው ይጨርሳሉ።

ፍጥነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በ1798 የጸደይ ወራት አሜሪካ ከፈረንሳይ ጋር ጦር ልትማዘዝ ደርሳለች፤ ፊላዴልፊያም ለእንግሊዝ ያደላ ፌዴራሊስትና ለፈረንሳይ ያደላ ሪፐብሊካን ተብላ ለሁለት ተከፍላ ትናቆራለች። ጊልበርት ፎክስ የሚባል ዘፋኝ ገቢው ለራሱ የሚሆንበት ምሽት ተመድቦለታል፤ አዳራሹ እንዳይሞላ ግን ፈርቷል። ወደ ወጣቱ ጠበቃ ወደ ጆሴፍ ሆፕኪንሰን ሄዶ ሕዝቡ በቃሉ ለሚያውቀው «የፕሬዚዳንቱ ሰልፍ» ለሚባለው ዜማ የአገር ፍቅር ግጥም እንዲጽፍለት ለመነው። ሆፕኪንሰን ፈረንሳይንም እንግሊዝንም ስሟን ሳያነሳ ሁለቱም ወገን የሚቀበለውን ግጥም ጻፈለት። ኤፕሪል 25፣ ረቡዕ ማታ ተዘፈነ፤ አዳራሹ ደጋግሞ አዘፈነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ወጣ፦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲሱ የፌዴራል ዘፈን፣ በፕሬዚዳንቱ ምስል አጊጦ፣ በካር የሙዚቃ ማከማቻ ይወጣል። ከረቡዕ እስከ ሰኞ። ብረቱን መቁረጥ፣ መስመሩን መሳብ፣ ኖታውንና ቃሉን በግልባጭ መምታት፣ ማረም፣ ማተም፣ ምስል መጨመር፤ ሁሉም በአምስት ቀን። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው የሚለው ተረት ቃል በቃል የሠራበት ጊዜ ነው። ዘፈኑ «ሄይል ኮሎምቢያ» በሚል ስም ለመቶ ዓመት ያህል ከአገሪቱ መዝሙሮች እንደ አንዱ ሲዘፈን ኖረ፤ ዛሬም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሲገባ የሚሰማው ዜማ እሱ ነው።

ካር የሁለት ወገን ጠብ ለገበያ እንደሚሆን የተረዳው ግን ከዚያ በፊት ነው። በ1794 የትያትር ሰገነት ላይ የተቀመጡት የፈረንሳይ አብዮት ደጋፊዎች «የፓሪሱን ዘፈን ተጫወቱልን» እያሉ ሲጮኹ ታች ያሉት «የፕሬዚዳንቱን ሰልፍ» ይሉ ነበር፤ ኦርኬስትራው መካከል ላይ ተቀምጦ የሚወረወርበትን ይቀበላል። ካር ለዚህ መድኃኒት አድርጎ «ፌዴራል ኦቨርቸር» የሚባል መክፈቻ ሙዚቃ ደረሰ። የፈረንሳይ አብዮተኞች መዝሙሮች ማርሴዬዝና ሳ ኢራ አሉበት፣ የፕሬዚዳንቱ ሰልፍ አለበት፣ የአየርላንድ ጭፈራ አለበት፣ የአሜሪካኖቹ የሕዝብ ዘፈን ያንኪ ዱድልም አለበት። ሁሉም የየራሱን ሰምቶ ዝም ይላል። እንደ ድርሰት ካየነው ትልቅ ሥራ አልለውም፤ የተሰፋበት ክር በጉልህ ይታያል። እንደ ነጋዴ ዘዴ ግን አቻ የለውም፤ የፒያኖ ኖታውን ወዲያው ራሱ አሳትሞ ሸጠው። ያንኪ ዱድል አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ በኖታ የታተመውም በዚህ ሥራ ነው፤ በነፃነት ጦርነቱ ሁሉ ሲዘፈን የኖረ ዜማ እስከዚያ ድረስ አሳታሚ አላገኘም ነበር።

የኒው ዮርኩን ቅርንጫፍ በ1797 ለጄምስ ሂዊት ሸጠው። ይህች ዓመት ለጠያቂያችን ወረቀት ቁልፍ ስለሆነች ያዟት። በዲሴምበር 1799 ዋሽንግተን ሲሞት፣ በዚያው ወር 26 ቀን ፊላዴልፊያ በሚገኘው የጀርመን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን በተደረገው የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የቀብር ሰልፉና የሙሾው ሙዚቃ የካር ነበር፤ ኖታው የወጣው ደግሞ በአባቱ ማተሚያ፣ ባልቲሞር ነው። ከዚያ ወዲያ የሥራ ክፍፍሉ እየለየ ሄደ። ወደ 1800 ገደማ ቤንጃሚን የፊላዴልፊያውን ሱቅ ዘጋ። ልጅ እየመረጠና እያዘጋጀ፣ አባት እያተመና እየሸጠ፣ ከ1800 እስከ 1804 ለፒያኖ የሚሆን ሳምንታዊ የሙዚቃ ጆርናል አወጡ፤ አንድ ሳምንት የዘፈን፣ በቀጣዩ የመሣሪያ ብቻ። ደንበኛው እንደ ጋዜጣ በምዝገባ ይወስደዋል። ለአሳታሚ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ገንዘቡ መምጣቱ ታውቋል፣ ብረቱም ያለ ሥጋት ይመታል። የቤንጃሚንን ምርጫ ማየት የሚፈልግ ሰው ከነጠላ ዘፈኖቹ ይልቅ ይህን ጆርናል ቢያገላብጥ እመርጣለሁ፤ ገበያው የጠየቀውን ብቻ ሳይሆን እሱ ሕዝቡ እንዲሰማው የሚፈልገውንም ያስገባበታል።

ሱቁን ከዘጋ በኋላ ኑሮው ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ሆነ። በ1801 የቅዱስ አውግስጢኖስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ኦርጋን ተጫዋችና የመዘምራን መሪ ሆኖ ገባ፤ እስኪሞት አልለቀቀም። ከ1816 ጀምሮ ደግሞ በኤጲስቆጶሳውያኑ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደርቦ ያዘ። ሁለት እምነት፣ አንድ ኦርጋን ተጫዋች፤ በዚያች ከተማ ማንም አልተገረመበትም። በ1805 ለካቶሊካውያን የቅዳሴና የሠርክ ጸሎት ዜማዎችን ሰብስቦ ለባልቲሞሩ ጳጳስ ለጆን ካሮል መታሰቢያ አድርጎ አሳተመ። ያ የቅዱስ አውግስጢኖስ ሕንፃ በ1844 በስደተኛ ጠሎች ሁከት ተቃጥሏል፤ አሁን ያለው በቦታው የተሠራው ሌላ ነው።

ማሳተሙንም ፈጽሞ አልተወም። ጆርጅ ሼትኪ ከሚባል ስኮትላንዳዊ ቼሎ ተጫዋች ወዳጁ ጋር ሆኖ ማውጣቱን ቀጠለ። በ1810 የዋልተር ስኮት ረጅም ግጥም ኤደንብራ ላይ በወጣ በዚያው ዓመት ካር ከግጥሙ ውስጥ ያሉትን መዝሙሮች ወስዶ ዜማ ሠራላቸው። ከእነዚህ አንዱ ለድንግል ማርያም የሚቀርበው ጸሎት ነው። ሹበርት ለዚሁ ቃል በጀርመንኛ ትርጉሙ የሠራውን ዓለም ሁሉ «አቬ ማሪያ» ብሎ የሚያውቀውን ዜማ የጻፈው በ1825 ነው፤ ካር በ15 ዓመት ቀድሞታል። የካርን ሰምታችሁ የማታውቁት ከሆነ ፈልጉት። የሹበርትን ያህል አይደለም፤ ግን ከሠራው ሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው።

በ1820 ከወዳጆቹ ጋር የፊላዴልፊያ የሙዚቃ ፈንድ ማኅበርን መሠረተ። የማኅበሩ ዓላማ አንድም ሙዚቃን ማሳደግ፣ አንድም ያረጁና የተቸገሩ ሙዚቀኞችን ከነቤተሰባቸው መርዳት ነበር። ሁለተኛውን ዓላማ ስታዩ የዘመኑን የሙዚቀኛ ኑሮ ታውቁታላችሁ፤ ጡረታ የሚባል ነገር የለም፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ገቢው ይቆማል። ካር ሜይ 24 ቀን 1831 በ62 ዓመቱ ሞተ። የማኅበሩ ባልደረቦች ቅዱስ ጴጥሮስ ግቢ ውስጥ ሐውልት አቆሙለት፤ ሐውልቱ የሚያወሳው የሙዚቃ መምህርነቱንና ደግነቱን እንጂ አሳታሚነቱን አይደለም። የአሜሪካ ሕግ ሙዚቃን በስሙ ጠርቶ የቅጂ መብት የሰጠውም ካር ሊሞት ሦስት ወር ከምናምን ሲቀረው፣ በፌብሩዋሪ 1831 ነው።

አሁን ወደ መዝሙሩ። በሴፕቴምበር 1814 እንግሊዞች የባልቲሞርን ወደብ የሚጠብቀውን የማክሄንሪ ምሽግ ሌሊቱን ሙሉ ሲደበድቡ ያደሩበትን አይቶ ፍራንሲስ ስኮት ኪ ግጥሙን ጻፈ። ግጥሙ መጀመሪያ የወጣው ያለ ኖታ ነው። ከኖታ ጋር መጀመሪያ ያወጣው ባልቲሞር ጎዳና ቁጥር 36 የነበረው የካር ሱቅ ሲሆን፣ ያቀናበረውም ቶማስ ነው። እትሙን ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ የኪ ስም የለም፤ ያለው «በቲ. ሲ. ተስተካክሎ የተቀናበረ» የሚል ብቻ ነው፣ የቶማስ ካር ስም መነሻ ፊደላት። ሁለተኛ፣ ከርዕሱ ሥር «ፓትሪዮቲክ» ሊባል ሲገባው አንዲት ፊደል ተዘልላ «ፓሪዮቲክ» ተብሎ ተመቷል። ፊደሉን እያዞረ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በጥድፊያ የሚመታ ሰው አንዷን ቢዘልል አልፈርድበትም። በኋላ ብረቱ ታርሟል፤ ስለዚህ ስህተቱ ያለባቸው ቅጂዎች የመጀመሪያዎቹ መሆናቸው ይታወቃል። በዓለም የሚታወቁት ከአሥራ ጥቂት አይበልጡም፤ አንዷ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጣለች። ብሔራዊ መዝሙር ተብሎ በሕግ የጸደቀው ግን በ1931 ነው። አባትየው ጆሴፍ በ1819 ሞተ፤ ቶማስም ሱቁን እስከ 1822 ይዞት ቆየና ካታሎጉን ለሌሎች የባልቲሞር አሳታሚዎች ሸጠ። በካር ብረት ላይ የሌላ ሰው አድራሻ ታትሞ የምናየውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ወረቀት። የኒው ዮርኩ ሱቅ የተከፈተው በ1794 መጨረሻ፣ የተሸጠው በ1797 ነው። ሦስቱም ከተሞች በአንድ ግርጌ ላይ አብረው ከተጠሩ ብረቱ የተመታው በእነዚህ ሦስት ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው። ይህ ስለ ብረቱ ነው፤ ወረቀቱ በኋላ ታትሞበት ሊሆን ስለሚችል ሌሎች ምልክቶችም ይዩ። ወደ መስኮት ብርሃን ያንሱት፤ ጥልፍልፍ የሽቦ መስመር ከታየበት የቀድሞው ዓይነት ወረቀት ነው። በቃሉ ውስጥ «ኤስ» ፊደል «ኤፍ» የሚመስልበት ቦታ ካለ ከ1800 ብዙም አይርቅም፤ ያ አጻጻፍ ከዚያ ወዲያ እየጠፋ ሄዷል። ዋጋው በሳንቲም ከተጻፈ እዚያው አሜሪካ የታተመ መሆኑን ያጠናክራል፤ የለንደኑ በሺሊንግ ነው። ዙሪያውን በጣትዎ ሲዳብሱት የብረቱ አሻራ ካልተገኘ ደግሞ ወይ ጠርዙ ተቆርጧል፣ ወይ ዘግይቶ በሌላ ዘዴ የተባዛ ቅጂ ነው። ብዙ የመታሰቢያ ቅጂ ስላለ ይህችን ፈተና አይዝለሏት።

በዚያ ዘመን ወረቀት የሚሠራው ከአሮጌ ጨርቅ ስለሆነ በኋላ ከመጣው የእንጨት ወረቀት ይልቅ ጠንካራ ነው፤ በንጹሕና ደረቅ እጅ ቢይዙት አይጎዳም። ፕላስቲክ አያስለብሱት፣ የተቀደደውንም በስኮች አይለጥፉት፤ ማጣበቂያው ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይበላዋል። ቀጥሎ የዘፈኑን የመጀመሪያ መስመርና ግርጌውን በሙሉ ገልብጠው ይያዙ። ባልቲሞር ስላሉ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሌስተር ሌቪ የኖታ ስብስብ ቅርብዎ ነው፤ ኢንተርኔት ላይም በነፃ ይታያል፣ የካር ቤተሰብ ኖታዎችም አሉበት። ተመሳሳዩን ካገኙ የኖታ ጭራዎቹን አንድ በአንድ ያስተያዩ። ጭራውና ቅስቱ በእጅ የተጫሩ ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጭራሽ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ከተገጣጠሙ አንድ ብረት ነው። ካልተገጣጠሙ ግን የገጹን ጥርት ያለ ፎቶ ከነጠርዙ ይላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።